ብስክሌት ላይ መኪና ሲገጨን፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ሕጉ አንድ አይደለም

ፔዳል_ዲሲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ወንድሜን ሳይክል ላይ እያለ መኪና ገጨው፣ ጠበቃ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ እዚህ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ጠበቃ ጋ ከመደወል በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አደጋው የደረሰው የት ነው? ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣ ሰው ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ሜሪላንድ ገብቷል። አስፋልቱ ያው ነው፣ የመንገዱ ስም እንኳ አልተለወጠም፤ የካሳ መብቱ ግን ተለውጧል። በአብዛኛው የሚሠራው አደጋው የደረሰበት ቦታ ሕግ ነው። የምትኖሩበት ሰፈርም ሆነ የመኪናው ሰሌዳ ይህን አይቀይሩትም። ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ምልክት ይግባ፤ በተለይ ኢስተርንና ዌስተርን አቬኑ አካባቢ።

ልዩነቱ ይህ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የተጎዳው ሰው ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳ አያገኝም። ሹፌሩ 95 በመቶ፣ አንተ 5 በመቶ ብታጠፉ የምታገኘው 95 በመቶውን አይደለም፤ ምንም አታገኝም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ደንብ ትተውታል። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 እንዲለውጠው ተጠይቆ የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብሎ አለፈው። ዲሲም እንደዚያው ነበረች፤ በ2016 የወጣው ሕግ ግን እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ለይቶ አወጣ። አሁን ዲሲ ውስጥ የአንተ ጥፋት ከተከሳሾቹ ጥፋት ድምር እስካልበለጠ ድረስ መብትህ አይዘጋም። በ2020 ደግሞ ሕጉ ሰፍቶ ኤሌክትሪክ ስኩተርና የመሳሰሉትን አካተተ።

ይህን ካወቃችሁ የኢንሹራንሱ ሰው በማግሥቱ ደውሎ ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቅ ይገባችኋል። «መብራት በርቶ ነበር?» «ስታፕ ሳይኑ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆመሃል?» «ሹፌሩ መቼ ታየህ?» ሜሪላንድ ላይ አንድ የተዘባረቀ መልስ ፋይሉን ይዘጋዋል። የሹፌሩ ኢንሹራንስ ድምፃችሁን ቀድቶ ቃል እንዲቀበል የሚያስገድዳችሁ ሕግ የለም። ስም፣ ቀን፣ ቦታና የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ስጡ፤ ለሌላው «በጽሑፍ እመልሳለሁ» በሉ። የራሳችሁ ኢንሹራንስ ግን ሌላ ነው፤ ከእሱ ጋር ውላችሁ ራሱ መተባበርን ያስገድዳል። ሁለቱን አታምታቱ።

በጥፋት ከሚቆጠሩት ነገሮች መካከል በብዛት የማያቸው፦ ማታ ያለ ነጭ የፊት መብራት መንዳት (ከ500 ጫማ መታየት አለበት)፣ በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ በተቃራኒ መምጣት፣ ስታፕ ሳይን ላይ ሳይቆሙ ማለፍ። ይህ የመጨረሻው በዲሲና በጎረቤቶቿ ይለያያል። ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ ብስክሌተኛ ስታፕ ሳይንን ቅድሚያ ሰጥቶ ማለፍ ይችላል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ መቆም ግዴታ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትም እንዲሁ። ዲሲ መሃል ከተማው ላይ ይከለክላል፣ ከዚያ ውጪ ይፈቅዳል። ሜሪላንድ የአካባቢው አስተዳደር ካልፈቀደ ይከለክላል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቅዷል። ቨርጂኒያ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ካልከለከለ ይፈቅዳል።

ሄልሜት ስላላደረጋችሁ ብቻ ካሳ ይቀርባችኋል የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ዲሲም ሜሪላንድም ሄልሜት የሚያስገድዱት ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው፤ አለማድረጉ ደግሞ እንደ ጥፋት ማስረጃ አይቀርብም። ይህ ማለት አታድርጉ ማለት አይደለም። አድርጉ።


መዝገብ_ቤት፦

ፔዳል የጻፈው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ብስክሌተኛው ያጠፋበት ፋይል ሁሉ አይሞትም። ሹፌሩ አደጋውን ማስቀረት የሚችልበት የመጨረሻ ግልጽ ዕድል እያለው ካላስቀረ መብቱ ሊነሣ ይችላል። ለምሳሌ ብስክሌቱ ቀድሞ መንገዱ መሃል ወድቆ፣ ሹፌሩ ከሩቅ እያየው ፍሬን ሳይዝ ሲመጣ። ለማሸነፍ ከባድ ነው፣ ቪዲዮ ወይም ገለልተኛ ምስክር ይፈልጋል፤ ግን ጠበቃ «ትንሽ አጥፍተሃል፣ በቃ» ብሎ ከመለሳችሁ ሁለተኛ ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ስለ ቀነ ገደብ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ተራ ሹፌር የአካል ጉዳት ካደረሰባችሁ፣ ክስ ለመመሥረት ዲሲና ሜሪላንድ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 2 ዓመት። «ክስ መመሥረት» ማለት ፍርድ ቤት ፋይል መከፈት ነው። ከኢንሹራንስ ጋር መጻጻፍ ሰዓቱን አያቆመውም። አድጃስተሩ (ጉዳያችሁን የሚያየው የኢንሹራንሱ ሰው) «እያየነው ነው፣ ሐኪምህ ይጨርስ» እያለ ሁለት ዓመት ቢያልፍ ቨርጂኒያ ላይ የሚቀራችሁ ትሕትናው ብቻ ነው። ሰው ከሞተ ቤተሰቡ የሚያቀርበው ክስ ዲሲ ላይ 2 ዓመት ነው፤ ሦስቱን ዓመት ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ።

የገጨው የመንግሥት መኪና ከሆነ ወይም የወደቃችሁት በተቆፈረ መንገድ ምክንያት ከሆነ ግን ሰዓቱ በጣም አጭር ነው። የዲሲ መንግሥትን ለመጠየቅ በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው የጽሑፍ ማስታወቂያ መድረስ አለበት፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ምክንያቱና ሁኔታው በግምት ተገልጾ። የዲሲ ፖሊስ በመደበኛ ሥራው የጻፈው ሪፖርት እንደ ማስታወቂያ ሊቆጠር ይችላል፤ ቢሆንም በእሱ አትመኩ፣ ለብቻው ጻፉና በሪኮመንዴ ላኩ። የሜሪላንድ ካውንቲ ወይም ከተማ ከሆነ 1 ዓመት። የቨርጂኒያ ከተማ ከሆነ 6 ወር።

የፖስታ ቤት መኪና ወይም ሌላ የፌዴራል ተሽከርካሪ ከሆነ በቀጥታ ክስ አይቻልም። መጀመሪያ ስታንዳርድ ፎርም 95 የሚባለው ቅጽ ተሞልቶ በ2 ዓመት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ይገባል። ቅጹ ላይ የገንዘቡ መጠን በቁርጥ መጻፍ አለበት፤ «ወደፊት ይወሰናል» ብሎ የጻፈ ሰው ቅጽ እንዳላስገባ ይቆጠራል። ከዚያ ቁጥር በላይ መጠየቅ ደግሞ በኋላ አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ሕክምናው ሳይለይ አትቸኩሉ። መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ከከለከለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመሄድ 6 ወር አላችሁ። የጠበቃው ድርሻም በሕግ የተገደበ ነው፦ በአስተዳደር ደረጃ ካለቀ ከ20 በመቶ፣ ክስ ከተመሠረተ ከ25 በመቶ አይበልጥም።


አዲስ_ገቢ፦

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የማውቀው ልጅ በሳይክል ምግብ ሲያደርስ የቆመ መኪና በር ከፍተውበት ወደቀ። እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ ወረቀቱም ገና አልተስተካከለም። ፖሊስ መጥቶ ከሹፌሩ ጋር ብቻ አውርቶ ሄደ። መብት አለው ወይ?


ፔዳል_ዲሲ፦

አለው ወንድሜ። የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር የአካል ጉዳት ካሳ ከመጠየቅ አይከለክልም። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለጉዳቱ እንጂ ለቪዛው አይደለም። የጠፋ ደመወዝ ሲጠየቅ ጥያቄ ሊነሣ ስለሚችል ያንን ክፍል ከጠበቃ ጋር ይነጋገርበት፤ የሕክምናውና የስቃዩ ጥያቄ ግን አለ።

አደጋው ዲሲ ከሆነ ደግሞ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ወጥቷል፣ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፖሊስን ጨምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ በስልክም ቢሆን። «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። በወቅቱ ካልተደረገለት አሁን ፖሊስ ጣቢያው ሄዶ ወይም ጽፎ የእሱ ቃል ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቅ። ብስክሌተኛው አምቡላንስ ውስጥ እያለ ሪፖርቱ በሹፌሩ ቃል ብቻ ሲጻፍ በተደጋጋሚ ይታያል። «ድንገት ገባብኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ቃሉን ሲሰጥ አጭር ይሁን፦ በየትኛው መስመር ነበር፣ በሩ በስንት ርቀት ተከፈተ፣ መብራቱ ምን ነበር። የማያውቀውን «አላውቅም» ይበል፤ ፍጥነት አይገምት።

በር መክፈትን በተመለከተ ሦስቱም ቦታዎች ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የሚመጣ ትራፊክን ሳያይ በር የሚከፍት ሰው አጥፊ ነው። ቨርጂኒያ ከ2016 ጀምሮ ራሱን የቻለ ድንጋጌ አላት። በሩን የከፈተው ተሳፋሪ ቢሆን እንኳ የመኪናውን ኢንሹራንስ መጠየቅ አይቀርም። ደግሞ ምግብ ሲያደርስ ስለነበር አፑ ላይ ትዕዛዙን፣ ሰዓቱንና የሄደበትን መንገድ ስክሪንሾት ያድርግ። በብስክሌት የሚያደርሱትን ኩባንያዎቹ እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጥሩ የሠራተኛ ካሳ ላይኖረው ይችላል፤ ለአድራሾች የተገዛ የአደጋ ኢንሹራንስ ካለ ግን ማመልከቻው በአፑ በኩል ነው፣ ቀነ ገደብም አለው። ዛሬ ይጠይቅ።


ጸጋ_ነርስ፦

የሕክምናውን ክፍል እኔ ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ አትሂዱ። ሰውነት ሲደነግጥ ሕመሙን ይሸፍነዋል። ጭንቅላት የተመታ ሰው ወዲያው ላይታወቀው ይችላል፤ ማታ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ብርሃን መጥላት ከመጣ ሳያድር ኢመርጀንሲ ይሂድ። የእጅ አንጓም እንዲሁ፤ ብስክሌተኛ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ ከአውራ ጣት በታች ያለችው ትንሿ አጥንት ትሰበራለች፣ የመጀመሪያው ኤክስሬይ ላይ ላትታይ ትችላለች። ሕመሙ እዚያው ከቀጠለ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ይነሣ።

ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚቀር አለ። ከ1986 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ኢመርጀንሲ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመክፈል አቅም ሳይጠይቅ መርምሮ ማረጋጋት እንዳለበት ያዛል። የሕክምናው ሒሳብ (ቢል) በኋላ ይመጣል፤ የሜሪላንድ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ከፌዴራል የድህነት መስመር 200 በመቶ ለማያልፍ ቤተሰቦች አስፈላጊ ሕክምናን በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ከዚያ በላይ ላሉትም ቅናሽ አለ። ማመልከቻውን ራሳችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ቢሉ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል።

ሐኪሙ «ምን ሆንክ?» ሲላችሁ «ወደቅሁ» አትበሉ። «ብስክሌት እየነዳሁ መኪና ገጨኝ» በሉ። መዝገቡ ላይ «ወደቀ» ተብሎ ከተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ አድጃስተሩ ያቺን ቃል ያነባታል። የሚያማችሁን ሁሉ ተናገሩ፣ ትንሽ መስሎ የታያችሁንም። እኛ ሐበሾች ሕመምን ዋጥ አድርገን «ምንም አይል» የምንለው ነገር አለ፤ እዚህ ያልተጻፈ ሕመም አልነበረም ተብሎ ይቆጠራል። ፊዚካል ቴራፒ ከታዘዘ ቀጠሮ አትዝለሉ፤ የአንድ ወር ክፍተት «ድኖ ነበር» ለማለት ይጠቅማቸዋል። ጉዳቱን በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሡ።

ሜሪላንድ ላይ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ነገር አለ፦ ፒአይፒ። ማን አጠፋ ሳይባል የሚከፈል የሕክምናና የጠፋ ገቢ ሽፋን ነው። ብስክሌተኛውን የገጨው መኪና ፒአይፒ ካለው ብስክሌተኛውንም ይሸፍናል። ትንሹ መጠን 2,500 ዶላር ነው፣ የጠፋ ገቢን 85 በመቶ ይተካል። ባለመኪናው ሽፋኑን በጽሑፍ ትቶት ሊሆን ስለሚችል የእሱንም ቤታችሁ ያለውን የመኪና ኢንሹራንስም ጠይቁ። አጥፊ ናችሁ ተብላችሁ ካሳ ቢከለከል እንኳ ይህ ይከፈላል።


መዝገብ_ቤት፦

ጸጋ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዲሲ ላይ ግን ፒአይፒ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራሳችሁ ፖሊሲ ፒአይፒ ካለው፣ እሱን ለመጠቀም መምረጣችሁን በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ከመረጣችሁ ደግሞ ሹፌሩን የመክሰስ መብታችሁ ይጠባል። ቋሚ ጠባሳ፣ ከ180 ቀን በላይ የቆየ የአካል ጉድለት፣ ወይም ከፒአይፒው ያለፈ የሕክምና ወጪ ዓይነት ነገር ማሳየት ትጠየቃላችሁ። ሜሪላንድ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። ስለዚህ ዲሲ ላይ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ይየው።


የታክሲ_ልጅ፦

ከሹፌር ወገን ልናገር። ስንቶቻችን ኡበርና ሊፍት፣ ታክሲና ሊሞ እንደምንነዳ ይታወቃል፤ ስለዚህ ገጪውም ተገጪውም ሐበሻ የሚሆንበት ቀን አለ።

ተገጪዎች ሰሌዳውን ብቻ አትያዙ። መንጃ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንስ ካርዱን፣ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የኩባንያ ምልክት ፎቶ አንሡ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠይቁ፦ «አፑ ክፍት ነበር? ተሳፋሪ ጭነሃል?» ሁሉም ነገር በእሷ ላይ ነው። አፑ ተዘግቶ ከሆነ የሹፌሩ የግል ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ዲሲ ላይ አፑን ከፍቶ ጥሪ እየጠበቀ ከሆነ ሽፋኑ ለአንድ ሰው 50,000፣ ለአደጋው በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ጥሪ ተቀብሎ እየሄደ ወይም ተሳፋሪ ጭኖ ከሆነ ቢያንስ 1 ሚሊዮን። የግል ኢንሹራንስ ደግሞ ሹፌሩ ሥራ ላይ እንደነበር ካወቀ አልከፍልም ይላል፣ ስለዚህ ሁለቱም ጋ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ይከፈት።

የግል ዝቅተኛው መጠን እንዲህ ነው። ዲሲ 25,000 ለአንድ ሰው፣ 50,000 ለአደጋ፣ 10,000 ለንብረት። ሜሪላንድ 30,000፣ 60,000፣ 15,000። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 50,000፣ 100,000፣ 25,000። አንድ የእግር ቀዶ ሕክምና 25,000ን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።


ኃይለ_ልዑል_ሲልቨር፦

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ከባድ ነገር አለ። ገጪው ሐበሻ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል። «ልጆች አሉት፣ አፑን ይዘጉበታል፣ ፖሊስ አትጥሩ፣ እኛ እናሳክምሃለን» ይባላል። በወገን ላይ ክስ መመሥረት ደግሞ ያማል። እንደ እኔ ሽማግሌ መግባቱ አይከፋም፤ ፍርድ ቤት ሁሉን አይፈታም።


መዝገብ_ቤት፦

ጋሽ ኃይለ ልዑል፣ ሽምግልናን ማንም አይንቅም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ቃል የሚገቡት በማያውቁት ቁጥር ላይ ነው። በአደጋው ማግሥት «3,000 ዶላር እንስጠው» ይላሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት የትከሻው ኤምአርአይ መጥቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ይባላል። ሹፌሩ ያንን ከኪሱ መክፈል አይችልም፣ ቢፈልግም። የኢንሹራንሱ ውል ደግሞ አደጋውን በቶሎ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። በሽማግሌ ሰበብ ወራት ካለፉ በኋላ ካሳወቀ ኩባንያው «ዘግይተሃል» ብሎ ሽፋኑን ሊክድ ይችላል። ያኔ የተጎዳው ካሳ ያጣል፣ ሹፌሩ ደግሞ ቤቱና ደመወዙ ላይ ይመጣበታል። ሁለቱም ወገን ነው የሚጎዳው።

ኢንሹራንስ የሚገዛው ለዚህ ቀን ነው። ስለዚህ 911 ይደወል፣ ሪፖርት ይጻፍ፣ ክሌም ይከፈት። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ይቅርታውን ያድርሱ፣ የታመመውን ይጠይቁ፣ ቤተሰቡን ያግዙ። ገንዘብ ከተሰጠም ደረሰኝ ላይ «ለአስቸኳይ ወጪ እርዳታ» ይባል እንጂ «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት አይፈረም። አንዴ የተፈረመ ሪሊዝ (የመጠየቅ መብትን የመተው ወረቀት) ጉዳቱ ቢብስም አይከፈትም።


ኃይለ_ልዑል_ሲልቨር፦

ይህ አነጋገር ገብቶኛል። ስለ ሽፋን መካዱ የተባለውን አላሰብኩትም ነበር፣ ለሽማግሌዎቻችንም የሚነገር ነው። ይቅርታውና ካሳው በየፊናው ይሂዱ ማለት ነው።


ጎማና_ሰንሰለት፦

ስለ ብስክሌቱ ማንም አልጻፈም፣ እኔ ልጻፍ።

አትጠግኑት፣ አትጠቡት፣ አትሽጡት። የተጣመመው ጎማ የትኛው ላይ ነው፣ የመኪናው ቀለም ፍሬሙ ላይ የት ተለጠፈ፣ ሹካው ወደ ኋላ ነው ወደ ጎን የታጠፈው፤ እነዚህ ግጭቱ ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። የኋላ ጎማ ስምንት ቁጥር ሠርቶ ፊቱ ደህና ከሆነ «ድንገት ገባብኝ» የሚለው ሹፌር ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ ከኋላ ተመትቷልና። ሄልሜቱን፣ የተቀደደውን ጃኬት፣ የመብራቶቹን ስባሪ በአንድ ከረጢት አስቀምጡ። መብራቱ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ እንደነበረ ተዉት፤ ማብሪያው የት ላይ እንደነበረ ፎቶ አንሡ።

የብስክሌቱ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፔዳሎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ከታች በኩል ተቀርጾ ይገኛል። ፎቶው ይኑራችሁ። ግምት ስታስወጡ ከብስክሌት ሱቅ በጽሑፍ፣ ክፍል በክፍል ይሁን፦ ፍሬም፣ ሹካ፣ ጎማ፣ መሪ፣ የእጅ ሥራ። ካርቦን ፍሬም ከሆነ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሱቁ «ለመንዳት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ከወሰነ ይጻፍበት። የአሉሚኒየም ሹካ ታጥፎ ከነበረ መልሶ ማቅናት የለም፣ ይለወጣል። ኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነ የተመታ ባትሪ ቤት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ያስነሣል።

ኢንሹራንሱ የብስክሌቱን ዋጋ ቶሎ ልክፈል ሊል ይችላል። ተቀበሉ፤ ነገር ግን የምትፈርሙት ወረቀት «የንብረት ጉዳት ብቻ» የሚል መሆኑን አንብቡ። «ማንኛውም የይገባኛል ጥያቄ» የሚል ሐረግ ካለበት በ900 ዶላር ብስክሌት እግራችሁን ሸጣችሁ ማለት ነው።


ሰብለ_አሌክሳንድሪያ፦

ገጭቶ ያመለጠ ከሆነስ? ሰሌዳው ካልተያዘ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል ማለት ነው?


ፔዳል_ዲሲ፦

አያበቃም እህቴ። የራስሽ ወይም አብሮሽ የሚኖር የቅርብ ዘመድ የመኪና ኢንሹራንስ ካለ፣ ኢንሹራንስ ለሌለውና ላመለጠ መኪና የሚሆን ሽፋን አለው። ብስክሌት ላይ ብትሆኚም ይሠራል። ብዙ ሰው «መኪና ውስጥ አልነበርኩም» ብሎ አይጠይቅም። ፖሊስ ጋ በዚያው ቀን መመዝገቡ ወሳኝ ነው፤ ቀናት ካለፉ «መኪና ስለመኖሩ ምን ማስረጃ አለ» ይላሉ። ለኢንሹራንሱም በቶሎ መንገር አለብሽ። ሜሪላንድ ላይ ቤተሰቡ ምንም የመኪና ኢንሹራንስ ከሌለው ለእንዲህ ያለ ተጎጂ የተቋቋመ የግዛቱ ፈንድ አለ፣ ማመልከቻው ግን ቀደም ብሎ መግባት አለበት።


ሰብለ_አሌክሳንድሪያ፦

አመሰግናለሁ። ልጅ ከሆነ ደግሞ? የ8 ዓመት ልጅ ከግቢ ወጥቶ ቢገጭ አጠፋ ይባላል?


መዝገብ_ቤት፦

ቨርጂኒያ ላይ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። ከ7 እስከ 14 ያለው እንደማያጠፋ ይገመታል፤ ተከሳሹ ልጁ ለዕድሜው አደጋውን ይረዳ እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ሜሪላንድ ላይ ወሰኑ 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ የእኩዮቹ ጥንቃቄ ይለካበታል። የወላጅ ቸልተኝነት የልጁን መብት አይወስድም።

ለልጁ የክስ ጊዜው 18 ዓመት እስኪሞላው ይቆማል። የሕክምና ወጪው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የወላጅ ነው፣ የሱ ሰዓት ይቆጥራል። ለመንግሥት የሚሰጠው ማስታወቂያም ልጅ ነው ተብሎ ይጠብቃል ብላችሁ አትተማመኑ። ቨርጂኒያ ላይ የልጅ ስምምነት ዳኛ ፊት ቀርቦ ካልጸደቀ ኢንሹራንሱም አይተማመንበትም።


አዲስ_ገቢ፦

ያ ልጅ ያነጋገረው ጠበቃ 33 በመቶ እወስዳለሁ ብሎታል። ይህ ትክክል ነው? ሌላው ደግሞ «ምንም አትከፍልም» አለው።


መዝገብ_ቤት፦

የተለመደው ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ከተመሠረተ 40 በመቶ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል ከሆነ ተዉት። ሦስት ነገር ጠይቁ። መቶኛው የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ፋይሉን የሚይዘው እሱ ነው ወይስ ሌላ ቢሮ?

በቁጥር እንየው። ስምምነቱ 60,000፣ ወጪው 2,000፣ የሆስፒታል ዕዳው 15,000 ይሁን። መቶኛው ከላይ ከተሰላ ጠበቃው 20,000 ይወስዳል፣ ለተጎጂው 23,000 ይቀራል። ወጪው ቀድሞ ከተቀነሰ ጠበቃው 19,333፣ ተጎጂው 23,667። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የባለሙያ ምስክር ገብቶ ወጪው 20,000 ሲደርስ ግን ትንሽ አይደለም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ያ 15,000 ላይ ነው። ጥሩ ጠበቃ ሆስፒታሉንና የጤና ኢንሹራንሱን ተደራድሮ ያስቀንሳል፤ «የሕክምና ዕዳውን ትደራደራለህ? ለዚያ ተጨማሪ ታስከፍላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት የጤና ሽፋን) የከፈለውን ያስመልሳል። ቨርጂኒያ ላይ ተራ የጤና ኢንሹራንስ ከካሳችሁ እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክላል፤ አሠሪው ራሱ ገንዘቡን የሚከፍልበት ፕላን ግን ከዚያ ውጪ ነው።

ጠበቃው የተፈቀደለት በየትኛው ቦታ እንደሆነም አረጋግጡ። ዲሲ ላይ ብቻ ፈቃድ ያለው ሰው የቨርጂኒያን ፋይል መያዝ አይችልም። ሆስፒታል በር ላይ ወይም አደጋው ቦታ ላይ ካርድ የሚሰጣችሁን ደላላ አትከተሉ፤ የሚያስፈርማችሁ ለኮሚሽኑ ነው።


የታክሲ_ልጅ፦

አደጋው ዛሬ የሆነ ከሆነ ካሜራ አትርሱ። የሱቅ ካሜራ ብዙው በጥቂት ቀናት በራሱ ላይ ይቀዳል። ጠበቃ እስኪገኝ አትጠብቁ። በአካል ሄዳችሁ ሥራ አስኪያጁን ለምኑት፣ ካልሰጠም «እንዳይጠፋ» የሚል ደብዳቤ ተዉለት። ደብዳቤው ላይ ቀኑ፣ ከግጭቱ 15 ደቂቃ በፊትና በኋላ ያለው ሰዓት፣ የካሜራው አቅጣጫ ይጻፍ። የአውቶቡስ ካሜራም አለ፤ በአጠገባችሁ አውቶቡስ ካለፈ የመስመሩን ቁጥርና ጎኑ ላይ ያለውን የመኪና ቁጥር ያዙ።


ጎማና_ሰንሰለት፦

ጉዞ የሚመዘግቡትን ስትራቫና ጋርሚን የምትጠቀሙ ደግሞ የዚያን ቀን ጉዞ አታጥፉት፣ ሰው ሁሉ እንዳያየው ብቻ ዝጉት። ፍጥነታችሁን በሰከንድ የመዘገበ ማስረጃ ነው። ካጠፋችሁት «የደበቀው ነገር አለ» ይባላል። ፋይሉን አውርዳችሁ ለጠበቃው ስጡ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስም አዲስ ጉዞ አትለጥፉ፤ በሐኪም ፈቃድ የተነዳ 5 ማይል እንኳ «ድኗል» ተብሎ ይቀርባል።


አዲስ_ገቢ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቦታውን ጠየቅሁት፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው፣ ዲሲ። አደጋው ከሆነ 9 ቀን ሆኖታል።


ፔዳል_ዲሲ፦

እንግዲያው ነገ ጠዋት ሪፖርቱን ያውጣና የእሱን ቃል በአስተርጓሚ ያስጨምር። በሩ የተከፈተበት ቦታ ፊት ለፊት ያሉትን ሱቆች ሁሉ ካሜራ ይጠይቅ፣ 9 ቀን ለአንዳንዱ ገና ነው። በአፑ በኩል ያለውን የአደጋ ማመልከቻ ያስገባ። እጁ ወይም ራሱ አሁንም የሚያመው ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ሐኪም ጋ ይሂድ፣ «በር ተከፍቶብኝ ከብስክሌት ወደቅሁ» ብሎ ያስጽፍ።